የምትሮጠው የት ነው?

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ዳር አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ አሉ። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ይቆርጣሉ፣ የተቀደደ ይሰፋሉ፣ የተነቀለ ሶል ይለጥፋሉ። ጉልበቴን ማመም ከጀመረኝ ሁለት ወር አልፎ ነበርና የሩጫ ጫማዬን በፌስታል ቋጥሬ ሄድኩ። ሶሉን ላስለጥፍ እንጂ ምክር ፍለጋ አልነበረም። አዛውንቱ አንዱን ጫማ አነሡና ገልብጠው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። የተረከዙ የውጭ ጠርዝ እስከ ስፖንጁ ድረስ ተበልቷል። ከጣቶቹ ሥር ያለው ጥርስ ግን ገና እንዳለ ነው። የተበላውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ አሹት።

"የምትሮጠው የት ነው?" አሉኝ።

"ጠዋት ጠዋት ወደ ጅሬን እወጣለሁ፣ አባባ።"

"መንገዱን ነው የጠየቅኩህ። አስፋልት ነው አፈር?"

"ሁለቱም ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስፖንጁ ሞቷል፤ ብለጥፈውም አይረባህም" ብለው መለሱልኝ። ጥያቄያቸውን ለወግ ያህል የተጠየቀ አድርጌ ወሰድኩት። ምን ያህል ቁም ነገር እንደ ነበር የገባኝ ወራት ቆይቶ ነው።

ያን ሰሞን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ጉልበቴን ያሳመመኝ ራሱ ጫማው ነው፣ ባወልቀው እድናለሁ የሚል ሐሳብ ይዞኝ ነበር። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ስለ ባዶ እግር ሩጫ የሚያስብ ሰው ደግሞ መነሻው ሮም ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት፣ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ከካፒቶሊን ኮረብታ ተነሥቶ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጠና በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በዓለም ከዚያ በፊት ማንም ያን ያህል ፈጥኖ አያውቅም። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም በ25 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ሌላው የእኛ ሰው አበበ ዋቅጅራም በባዶ እግሩ ሮጦ ሰባተኛ ሆኗል፤ እሱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ታሪኩን ስናወራ የምንዘለው ነገር አለ። አበበ ጫማ ያወለቀው ባዶ እግር ይበልጣል ብሎ ስላመነ አልነበረም። የራሱ ጫማ አልቆ ነበር፤ ሮም ላይ የሞከረው አዲስ ጫማ ደግሞ እግሩን ላጠው። አገር ቤት በባዶ እግሩ ይለማመድ ስለነበር ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ተመካክረው እንዲያ ይሻላል አሉ። በዓመቱ ኦሳካ ላይ የኦኒትሱካን ጫማ አድርጎ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባና ክብረ ወሰኑን ሰበረ። ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ፈጠነ ማለት ነው። ስለዚህ ለባዶ እግርም ለጫማም አበበን ምስክር አድርጎ መጥራት አይቻልም። ያን ጊዜ ግን ይህን የማሰብ ትዕግሥት አልነበረኝም። ለእኔ የነበረው ሮም ብቻ ነው።

በውጭው ዓለምም ክርክሩ ጦፎ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ክሪስቶፈር ማክዱገል የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በሜክሲኮ ገደላ ገደል ስለሚኖሩት ሯጮች፣ ስለ ታራሁማራዎች፣ መጽሐፍ አወጣ። ሰዎቹ ረጅሙን መንገድ የሚሮጡት ከመኪና ጎማ በተቆረጠ፣ በጠፍር በሚታሰር ነጠላ ጫማ ነው። እኛ በረባሶ የምንለው ማለት ነው። አባቶቻችን ከገበያ ገበያ የተመላለሱበት ጫማ በሌላው ዓለም እንደ አዲስ ግኝት ሲወደስ ሳነብ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ዓመት የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ ጥናታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በባዶ እግር የሮጡ ኬንያውያንን ጫማ ለብሰው ካደጉ ሯጮች ጋር አነጻጽረው ነበር። ጫማ ለባሾቹ በአብዛኛው በተረከዛቸው ያርፋሉ፤ ባዶ እግረኞቹ ግን ብዙውን ጊዜ በፊተኛው የእግር ክፍል ነው የሚያርፉት። በተረከዝ ሲታረፍ እግርና መሬት የሚጋጩበት ድንገተኛ ጉልበት አለ፤ በፊተኛው እግር ሲታረፍ ያ ግጭት ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ቁርጭምጭሚትና ባት እንደ ሞላ ተለጥጠው ይቀበሉታል። ማረጋገጥ ለሚፈልግ ቀላል ነው፦ ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግሩን አሥር እርምጃ ይሩጥና ተረከዙን ይጣል። ድንጋጤው እስከ ጥርሱ ይሰማዋል፤ አሥራ አንደኛውን እርምጃ እግሩ ራሱ ያስተካክለዋል።

እኔም ጀመርኩ። ጠዋት በሣር ሜዳ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ። በሦስት ሳምንት የጉልበቴ ሕመም ለቀቀኝ። ባቴ ግን እንደ ገመድ ተቋጠረና ደረጃ የምወርደው በጎኔ ሆነ። ይለመዳል ብዬ ቀጠልኩ።

ማንበቤንም አልተውኩም ነበርና የሚያደናግረኝ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች በቱርካና ሐይቅ ዳር፣ በኬንያ በኩል፣ ዳሰነቾችን አስሮጧቸው። ዳሰነቾች ሩቅ ሰዎች አይደሉም፤ ወገኖቻቸው ደቡብ ኦሞ፣ ኦሞ ወንዝ ሐይቁ የሚገባበት ዳርቻ ይኖራሉ። ኑሯቸውም ሩጫቸውም በባዶ እግር ነው። ለረጅም መንገድ በመረጡት ፍጥነት ሲሮጡ ግን ከመቶ 72 ያህሉ ያረፉት በተረከዛቸው ነው። ሲፈጥኑ ብቻ ወደ መካከለኛውና ወደ ፊተኛው የእግር ክፍል የሚቀይሩ በዙ። ባዶ እግር ሁሉ አንድ ዓይነት ይሮጣል የሚለው እምነቴ እዚያ ላይ ተሰነጠቀ። ፍጥነቱ፣ ልማዱና የሚረገጠው መሬት ሁሉ ድርሻ አላቸው።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ልምድ ያላቸው 36 ሯጮች ለአሥር ሳምንት ተከታትለው ነበር። 19ኙ ቀስ በቀስ ወደ ስስ፣ ጣት ጣቱ ወደ ተለየ ጫማ ተሸጋገሩ። በኤም አር አይ ሲታዩ የአሥሩ የእግር አጥንት መቅኔ ማበጥ ጨምሮ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት የዚሁ ጣታም ጫማ አምራች፣ ቪብራም፣ ጫማው እግር ያጠነክራል ጉዳት ይቀንሳል ሲል ያስተዋወቀው ማስረጃ የለውም በሚል ተከስሶ 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ይህን ሁሉ አንብቤም ባዶ እግሬን አልተውኩም። ያስተወኝ ጥናት አይደለም።

ሐምሌ ነበር። ሜዳው ውሃ ቋጥሮ ስለነበር ሳሩን ትቼ በባዶ እግሬ ወደ ጅሬን ወጣሁ። የጅማን ቀይ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። በጣቶች መካከል ሹልክ እያለ ይወጣል፣ ተረከዝ ላይ ይለሰናል፣ ደርቆ ሲራገፍ ቆዳውን አቅልሞ ይቀራል። ከመንገዱ ዳር በቆሎ የሚጠብሱ አንድ እናት እግራቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠው ነበር። ሳልፍ ተጣሩ።

"አንተ ልጅ! ጫማ አጥተህ ነው?"

"አይ እማማ፣ ለስፖርት ነው።"

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አደረጉት። ከቁርጭምጭሚታቸው እስከ ጉልበታቸው ሥር እግራቸው ወፍሮ ቀጥ ብሏል። የጣቶቻቸው ቆዳ ሸክሯል፤ ጣቶቹ ላይ እንደ ድንጋይ ሽበት ያለ ነገር በቅሎባቸዋል። ያደረጉት የወንድ ፕላስቲክ ጫማ ነው፤ እግራቸው እንዲገባላቸው አናቱን በቢላ ቀደውታል።

"እኔም እንዳንተ ስሮጥ ነው ያደግኩት" አሉኝ። "ቡና ለቀማው፣ ውሃው፣ እንጨቱ፣ ሁሉም በባዶ እግር። ከአፈሩ ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። አንተ ገንዘብ አለህ፤ ተጫማ።"

በቆሎ ገዝቼ ሳር ሳሩን እየረገጥኩ ወረድኩ። ከአፈሩ ነው የሚለው ቃል ግን አልለቀቀኝም። የእናቲቱ ሕመም ዝሆኔ ነው፤ ዝሆኔ ደግሞ ከትንኝ ይመጣል ሲባል ነው የማውቀው።

ነገሩ ከአፈር መሆኑን ያገኘው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ሥራው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር ስለነበር ዕድሜውን ያሳለፈው እግር ሲያክም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የከነከነው አንድ ጥያቄ ነበር፦ በደጋ የሚኖረው ይህ ሁሉ ሰው ዝሆኔ ከየት ያዘው? በመጽሐፍ እንደሚነገረው ዝሆኔ የሚመጣው ትንኝ በምታስተላልፈው ክር መሳይ ትል ነው። የትሉ እጮች ወደ ደም የሚወጡት በሌሊት ስለሆነ ምርመራውም በሌሊት ደም ነው። የደጋዎቹ ሕሙማን ደም ግን ትል የለውም። እብጠቱም አመሉ ሌላ ነው፤ ከብሽሽት አይጀምርም፣ ከእግር መዳፍ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜም ከጉልበት አያልፍም።

ፕራይስ መልሱን የፈለገው ገበያ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በገበያ ቀን የማይወጣ ሰው የለም፤ አብዛኛውም በእግሩ ይመጣል። የገበያተኛውን እግር እያዩ ያበጠውን መቁጠር በሽታው የት እንደሚበዛና የት እንደሚጠፋ ይናገራል። ቆጠራውን ከከርሰ ምድር ካርታ ጋር ሲያስተያየው ነገሩ ተገጣጠመ። በሽታው የሚበዛው ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት፣ ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ዝናቡ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበት ደጋ ነው። ወንጀለኛውን በትንኝ ውስጥ ሲፈልጉት መሬቱ ውስጥ ተገኘ።

ቀጥሎ ማይክሮስኮፕ መጣ። ከባዶ እግረኞች ብሽሽት የተወሰደ የሊምፍ እጢ፣ ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ማለት ነው፣ ሲመረመር ውስጡ ሲሊካና አልሙኒየም ያለባቸው ደቃቅ የማዕድን ብናኞች ተገኙ። ከዓይን የሚሰወር አፈር በተሰነጠቀ ቆዳ ገብቶ፣ በሊምፍ መስመር ወጥቶ፣ እጢው ውስጥ ተቀምጧል። መስመሩ በዓመታት ውስጥ ይቆጣል፣ ይጠባል፣ ፈሳሹ መመለሻ ያጣል፣ እግር ያብጣል። ፕራይስ በሽታውን እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት አጣምሮ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 ግኝቱን በመጽሐፍ አወጣ።

ይህን ሳነብ የእኔን ከተማ በልኬቶቹ መዘንኩት። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ዝናቡ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አፈሩ ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከጎማ እስከ ሊሙ፣ ጥልቅና ቀይ ነው። ቡና የሚወደው አፈር ነው። የምንኮራበትን ቡና ያበቀለው መሬት ለቃሚዋን እግር እየገባ ሲጎዳ መኖሩን ማወቅ ከባድ ነው። ጥቅምት ላይ እሸቱ ሲቀላ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ የምናያቸው እጆች ፎቶ ይነሣሉ፤ እግሮቹን ማንም አያነሣቸውም።

በሽታው ለምን አንዱን ይዞ ጎረቤቱን ይተዋል? ይህንን የመለሱት የእኛ አገር ልጆችና አጋሮቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው የ194 የወላይታ ሕሙማንን ዘረ መል ከ203 ጤነኞች ጋር አስተያይተው ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዘ የዘር ዝንባሌ አገኙ። አፈሩን የሚቆጣ ሰውነት በቤተሰብ ይወርዳል፤ እርግማን ነው እየተባለ በጋብቻ የተገለሉት ቤተሰቦች ጉዳይ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እነ ከበደ ደሪቤ ባወጡት ካርታ ለበሽታው በሚመች መሬት ላይ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ 34.9 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገመተ።

መከላከያውም ጫማ ነው። ጫማ፣ ካልሲ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ። ሞሮኮን ጨምሮ በሰሜን አፍሪካና በአውሮፓ ይህ በሽታ ነበረ፤ ጫማ መልበስ ሲለመድ ጠፋ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሙከራ ደግሞ እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲ፣ ጫማና የመሳሰለው እንክብካቤ ሕመሙ በአንድ ሰው ላይ የሚነሣበትን ብዛት በዓመት ከ24 ገደማ ወደ 19 ገደማ ዝቅ እንዳደረገው አሳየ። አንድ ጊዜ ሲነሣ ቀናት ያስተኛል።

እውነቱን ለመናገር አንድ ጠዋት በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው ዝሆኔ አይዘውም፤ ዓመታት ይፈጃል፣ የዘር ዝንባሌም ይፈልጋል። ሙጀሌ ግን ዓመት አይጠብቅም፤ የመንጠቆ ትልም እንዲሁ። የባዶ እግርን በጎነት ብቻ የሚያወሳው ጽሑፍ የተጻፈው የሣር ሜዳ ባለበትና ማታ እግር የሚታጠብበት የሞቀ ውሃ በሚቀዳበት አገር ሆኖ ነው። ክርክሩ ስለ እግር ብቻ ይናገራል። ጫማ ሰፊው የጠየቁኝ ስለ መሬት ነበር።

ከዚያ በኋላ ጫማ ስመርጥ ጥያቄው ተቀየረ። ስለ አመራረጥ የተጻፈውንም በሌላ ዓይን አነበብኩ። የአሜሪካ ጦር በሺህ ለሚቆጠሩ ምልምሎች በውስጥ እግራቸው ቅርጽ ጫማ እየመረጠ ሰጣቸው፤ ጉዳቱ አልቀነሰም። ዴንማርክ ውስጥ 927 ጀማሪ ሯጮች አንድ ዓይነት ጫማ አድርገው ዓመት ሲታዩ እግሩ ወደ ውስጥ የሚተኛው ከሌላው ይልቅ አልተጎዳም። ለአሥርት ዓመታት ጫማ ሲሸጥበት የኖረው ሒሳብ አልሠራም። የካልጋሪው ቤኖ ኒግ የደረሰበት ቀለል ያለ ነው፦ እግር የተመቸውን ይወቅ። ሉክሰምበርግ ውስጥ 264 ሯጮች ሲጠኑ ደግሞ ከአንድ በላይ ጫማ እያፈራረቁ የሮጡት የጉዳት ዕድላቸው 39 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ሂርማታ የሚመጣው አብዛኛው የሩጫ ጫማ ሰልባጅ ነው። የገዛሁት ማታ፣ እግሬ አብጦ ሳለ ነው። ከትልቁ ጣቴ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል እንዲቀር አየሁ። ስፖንጁን ተጭኜ እስኪመለስ ጠበቅኩ፤ የማይመለሰው ሞቷል። አንዱን ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ፣ ጭቃ የሚተፋ ወሰድኩ፤ ለጅሬን አፈር። ሌላውን ለስለስ ያለ፤ ለአስፋልት። በሳምንት አንድ ቀን ሣሩ ደረቅ ሲሆን ባዶ እግሬን አሥር ደቂቃ እሮጣለሁ፤ ባቴም ለምዶታል፣ ቤት ስገባ እግሬን በሳሙና እታጠባለሁ።

ትልልቆቹ ሯጮቻችንም ቢሆኑ ጫማቸው ለመንገዱ ነው። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሴቶችን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፤ ለአንድ ውድድር የተሠራ ነው። ደራራ ሁሪሳ ደግሞ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ቪየና ላይ አንደኛ ገብቶ፣ ሶሉ ከተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር ወፍሮ ተገኘና ድሉን ተነጠቀ። ለልጁ እስካሁን አዝናለሁ። ከዚያ አስፋልት ወደ ጅሬን ጭቃ የሚመጣ ምክር ግን ጥቂት ነው።

ነሐሴ ላይ በቆሎ ጠባሿን እናት አስፈቅጄ እግራቸውን ለካሁ። ካርቶን አንጥፌ ዙሪያውን በእርሳስ አዞርኩ። ውፍረቱን በሲባጎ ወሰድኩ፤ በእግር አናት ላይ አንድ ቋጠሮ፣ በቁርጭምጭሚት ላይ ሌላ። ካርቶኑንና ሲባጎውን ሂርማታ ይዤ ሄድኩ። አዛውንቱ ሲባጎውን በሁለት እጃቸው ወጥረው ቋጠሮዎቹን እየቆጠሩ ቆዩ።

"የሴትዮዋ መዋያ የት ነው?" አሉኝ።

"ጅሬን መንገድ ዳር፣ አባባ። ጓሮም አላቸው። ጭቃ ነው።"

"እንግዲያማ ክፍት አይሆንም" አሉና ከተከመረው ጎማ መካከል ሰፋ ያለውን መርጠው ካርቶኑን አስቀመጡበት። ዙሪያውን በጠመኔ አዞሩና ቢላቸውን መሳል ጀመሩ።